ሦስተኛው እንዴት ነሽ

ባለቤቴ ተክለማርያም ጣልያንኛ እንደሚችል ያልነገረው ሰው ሮቤ ውስጥ ቢፈለግ አይገኝም። ጎማ ሲፈታ ጣልያንኛ፣ ሻይ ሲጠጣ ጣልያንኛ፣ እኔ ወጥ ሲያርርብኝ ጣልያንኛ። በወጣትነቱ አሥመራ አንድ ጣልያን ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነበር። ኋላ ከሲናና ስንዴ የሚጭን መኪና ይዞ ወደ ባሌ መጣና እኔን አገኘ። እሱን ከጠየቃችሁት "መኪናው ተበላሽቶብኝ ነው የቀረሁት" ይላችኋል። ከተጋባን ሠላሳ ዓመት አልፎናል፤ መኪናው እስካሁን አልተሠራም መሰለኝ።

ችሎታው ግን ሥራ አግኝቶ አያውቅም። ሮቤ ውስጥ ጣልያን ከየት ይመጣል? "ከበሬ ጋር ነው እንዴ የምታወራው?" እያልኩ አበሽቀው ነበር። እሱም "ቀን አለው፣ አንቺ ሴት፣ ቀን አለው" ይለኛል። ቀኑም መጣ። ምነው ባልመጣ።

በአጥር የምንዋሰነው ከአብዱልሃኪምና ከኡሙሰልማ ጋር ነው። አብዱልሃኪም ቡና ነጋዴ ነው፤ ሃረና ጫካ የተለቀመውን ከአንገቱ ከተማ እየገዛ ሮቤ ያወርዳል። ኡሙሰልማ ደግሞ የልቤ ሰው ናት። ሥጋችን ቢለያይም ሌላው ነገራችን አንድ ነው፤ በፋሲካዬ ለእሷ ብዬ ወተትና ዳቦ አዘጋጃለሁ፣ በኢዷ ለእኔ ብላ ገንፎ ታገነፋለች። ያለቻቸው አንድ ልጅ ሰቢሪና ናት። በሁለት ቤት ነው ያደገችው ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ እኔ ልጅ የለኝም።

ሰቢሪና አሥር ዓመት ገደማ ሲሆናት ጉሮሮዋን አመማት። ቀጥሎ ጉልበቷንና ቁርጭምጭሚቷን አሳበጣት። ብርድ ነው አልን፤ የሮቤ ብርድ የማይሳበብበት በሽታ የለም። እብጠቱ ለቀቃት፣ ልጅቷ ግን መሮጥ ተወች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ አጥራችን ጥግ ትቆምና ትከሻዋ ከፍ ዝቅ ሲል አየዋለሁ።

"ምነው ሰቢ?" እላታለሁ።

"ደህና ነኝ፣ እማማ እኅተማርያም። እርስዎ ደህና ነዎት?"

ይኸን "ደህና ነኝ" ልብ በሉልኝ። እዚህ አገር ሰላምታ ወግ አለው። ሰው ቤትህ መጥቶ "አከም ጅርታ?" ብሎ እንዴት ነህ ሲልህ፣ ቤትህ ተቃጥሎ ቢሆን እንኳ "ፈያ፣ ገለታ ረቢ" ትላለህ፤ ደህና ነኝ፣ ለጌታ ምስጋና ይግባው ማለት ነው። ልጆቹስ? ደህና። ከብቱስ? ደህና። ዝናቡስ? አልሀምዱሊላህ። ይቀመጣል፣ የቀረበለትን ይቀምሳል፣ ትንሽ ቆይቶ "እሺ፣ እንዴት ናችሁ ታዲያ?" ይላል። አሁንም ደህና። ከዚያ ሦስተኛው ይመጣል። ጠጋ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚጠይቅህ። ጉድህን የምትናገረው ያን ጊዜ ነው። ገና በመጀመሪያው ላይ ሕመሙን የሚዘረግፍ ሰው አሳዳጊ የበደለው ይባላል፤ ፈጣሪውን ሳያመሰግን አማረረ ይባላል። እኛ ክርስቲያኖቹም ከዚህ አንለይም፣ እግዚአብሔር ይመስገን ሳንል አፋችን አይከፈትም። ጥሩ ልማድ ነው እል ነበር።

ሞባይል ስልክ ሮቤ በገባበት ሰሞን የጣልያን ሐኪሞች ጎባ መጥተው የልብ ሕሙማንን ያያሉ ተብሎ ተወራ። ኡሙሰልማና እኔ ሰቢሪናን በሚኒባስ ይዘናት ሄድን። ሐኪሙ ማዳመጫውን ደረቷ ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነና ብዙ ቆየ። አስተርጓሚው ያለን ይኸን ነው፤ የልቧ በር ተበላሽቷል፣ ደሙ ወደ ኋላ እየተመለሰ ልቧን ያደክመዋል፣ በቀዶ ጥገና ይስተካከላል፣ እዚህ ግን አይሠራም። አንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር ወጪውን ችሎ ጣልያን ይወስዳታል። ከተሻላት በኋላ እስክትጠነክር የምታስቀምጣት ሴት አለች። የሚሄደው ግን ሕፃኑ ብቻ ነው።

"እናቷስ?" አልኩ።

"እናት አይፈቀድም።"

ኡሙሰልማ ወደ ልጇ ጎንበስ አለች። የሰቢሪናን ሻሽ አስተካከለችላት፣ ደህና የነበረውን ሻሽ። አስተርጓሚው ስንወጣ ተከትሎን መጣና "እዚያ እኔ የለሁም፤ የሚያማትን በጣልያንኛ መናገር ብትለምድ ይጠቅማታል" አለን። እኔና ኡሙሰልማ ተያየን። ሁለታችንም የምናውቀው ጣልያንኛ ተናጋሪ አንድ ብቻ ነው።

ተክለማርያም ነገሩን ስንነግረው መጀመሪያ ያለው "ቫልቭ ነው! ሞተርም ላይ አለ፣ ቀላል ነው፣ ይቀየራል!" ነበር። ቀጥሎ ወደ ጓዳ ገብቶ ሲያለቅስ ሰማሁት። ሲወጣ ፊቱን ታጥቦ ነበር፤ የእኔን ነጭ ሽርጥ አገልድሞ፣ የጎማ መንፊያውን ቱቦ አንገቱ ላይ ጠምጥሞ "ዶቶሬ መጥቷል፣ በሽተኛዋ ትግባ" አለ። ሰቢሪና እስኪያስላት ድረስ ሳቀች።

የሕመሙን ጣልያንኛ ከየት አመጣው ብትሉ፣ አሥመራ እያለ ክሪኩ አምልጦ መኪና እግሩ ላይ ወድቆበት ክረምቱን ሙሉ ጣልያኖች ሐኪም ቤት ተኝቷል። የጋራዡን ቋንቋ ከጌታው፣ የሕመሙን ከአልጋው ተማረ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰዓት የአስር ሰላት ካለፈ በኋላ ቤታችን ሐኪም ቤት ሆነ። ሰቢሪና ትምህርቷን በኦሮምኛ፣ በቁቤ ነው የተማረችው። ጣልያንኛ የሚጻፈው በዚያው ፊደል መሆኑን ስታውቅ ተክለማርያም በአማርኛ ፊደል እየጻፈ የሚንገታገተውን እሷ በአንድ እይታ ታነበው ጀመር። ኡሙሰልማ በሩ አጠገብ ተቀምጣ ምስር እየለቀመች ታዳምጣለች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየው ነበር፤ ቁርኣን የምትቀራ መስሎኝ አልጠየቅኳትም።

የመጀመሪያውን ትምህርት ያዘዘችው ራሷ ኡሙሰልማ ናት። "ጋሽ ተክሌ፣ ከሁሉ በፊት ሰላምታውን በደንብ ያስተምሩልኝ" አለች። "የሰው አገር ሄዳ አሳዳጊ የበደላት እንዳይሏት።"

"ይሁን" አለ ተክለማርያም። ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ድምፁን አወፍሮ "ኮሜ ስታይ፣ ሲኞሪና?" አለ። እንዴት ነሽ ማለት ነው።

"ቤኔ፣ ግራዚዬ፣ ዶቶሬ" ትላለች ሰቢሪና አንገቷን ሰበር አድርጋ። ደህና ነኝ፣ አመሰግናለሁ።

"ብራቫ! አሁን ወደ ሕመሙ። ዶቬ ቲ ፋ ማሌ?" የት ላይ ነው የሚያምሽ ማለቱ ነው።

እጇን ደረቷ ላይ ታደርግና "ሚ ፋ ማሌ ኩዊ" ትላለች። እዚህ ጋ ያመኛል።

"ዳ ኳንዶ?" ከመቼ ጀምሮ?

"ዳ ዬሪ።" ከትናንት ጀምሮ።

መተንፈስ አቃተኝን፣ ትኩሳት አለኝን፣ ራሴን ያዞረኛልን ሁሉ አስተማራት። አንድ ቀን ሰቢሪና "አባባ ተክሌ፣ ከትናንት በፊት የጀመረ ከሆነስ ምን ልበል?" ብላ ጠየቀችው። ትንሽ አሰበ። እንደማያውቀው ከፊቱ አነበብኩ። "ሐኪም ቤት የሚኬደው ትናንት ሲያምሽ ነው። ዳ ዬሪ ይበቃሻል" አላት። እኔ ከጓዳው በር ላይ ሆኜ ሳቅሁበት፣ እሷም ሳቀች፣ እሱ ኮስተር አለ።

የምትሄድበት ቀን ማለዳ መናኸሪያ ተሰብስበን ሸኘናት። ውርጩ ገና አልለቀቀም፤ የጋሪ ፈረሶቹ አፍ እንፋሎት ይተፋል። አባቷ አዲስ አበባ ድረስ ያደርሳታል። የሸኘናትን ሁሉ እጅ እየሳመች ደህና ሁኑ አለች፣ አንድ ሰው አልዘለለችም። ኡሙሰልማ ልጇን አቀፈቻትና ጆሮዋ ላይ የሆነ ነገር አለቻት። ኋላ ስጠይቃት "ሚ ፋ ማሌ ኩዊን አትርሺ ነው ያልኳት" አለችኝ።

ቀዶ ጥገናው ተሳካ። አብዱልሃኪም ሱቅ ውስጥ ስልኩ ሲጮህ ሰፈሩ ሁሉ ተጠርቶ መጣ። የልጅቷ ድምፅ እንደ ክር ቀጥኖ ይሰማል። አባቷ ጀመረ፤ እንዴት ነሽ፣ ደህና ነኝ፣ ሰዎቹስ፣ ደህና ናቸው፣ ብርዱስ፣ አልሀምዱሊላህ። ስልኩን ለኡሙሰልማ ሰጣት። እንዴት ነሽ፣ ደህና ነኝ፣ ትበያለሽ፣ እበላለሁ። ከእሷ አጎቷ ለታ ተቀበለ፤ እንዴት ነሽ፣ ደህና። ከለታ እኔ። ከእኔ ተክለማርያም ነጥቆኝ "ኮሜ ስታይ!" ብሎ ጮኸ፣ እሷም "ቤኔ፣ ግራዚዬ፣ ዶቶሬ" ስትል ሱቁ በሳቅ ፈረሰ። መስመሩ ተቋረጠ። ሁላችንም ከመጀመሪያው ነበር የጀመርነው፤ ከሰላምታው አልፎ የሄደ አንድ ሰው አልነበረም። በሚቀጥለውም ጊዜ፣ ከዚያም በኋላ በደወለች ጊዜ እንደዚያው ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አብዱልሃኪም ሱቁን ሳይዘጋ ወደ ቤቱ ሲመጣ በአጥሩ ላይ አየሁት። ስልኩን በሁለት እጁ ይዞታል። የሆነውን ማንም ሳይነግረኝ አወቅሁ፤ ነጋዴ ሱቁን ክፍት ጥሎ የሚሄደው ለአንድ ነገር ብቻ ነው። ኡሙሰልማ አልጮኸችም። "ኢና ሊላሂ" አለችና መሬት ላይ ተቀመጠች። ልጅቷን እዚያው ቀበሯት። ጀናዛዋን የሰገዱባት የማያውቋት የሞሮኮ ሰዎች ናቸው አሉ። እናቷ የምታለቅስበት አፈር እንኳ ሮቤ ውስጥ የላትም።

ከለቅሶው በኋላ ኡሙሰልማ አንድ ጥያቄ ብቻ ያዘች። "ተናግራ ነበር ወይ?" ትለኛለች። ልብስ ስናሰጣ፣ ገበያ ስንወርድ፣ ዝም ብለን ስንቀመጥ። "እኅቴ፣ ቃሉ ጠፍቷት ነው? ወይስ ተናግራ የሚሰማት አጣች?"  ማኅበሩ ለአብዱልሃኪም የነገረው የተሠራላት ልብ ላይ ቁስለት ገባበት፣ በጊዜ አልታወቀም የሚል ብቻ ነው። ተክለማርያምን እንዳትጠይቀው ለመንኳት፤ እሱ ጣልያንኛውን እርግፍ አድርጎ ትቶ፣ ሲሰድበኝም በአማርኛ ሆኖ ነበር። ያን ስድብ ምን ያህል እንደናፈቅሁት እግዜር ይወቀው።

ክረምቱ አልፎ ገብሱ ሲያሽት አንዲት ፈረንጅ ከሹፌር ጋር ኡሙሰልማ በር ላይ ወረደች። ሰቢሪናን ያስቀመጠቻት ሴት ናት፤ ስሟ ፒየራ። በዕድሜ ከእኔ አትርቅም፤ ፀጉሯን እንደሸበተ ትታዋለች፣ እጇ የሠራተኛ እጅ ነው። የሰቢሪናን ልብሶች በሻንጣ ይዛ መጥታለች። ከላይ ያለው ራሷ የሠራችላት ነጭ ሹራብ ነበር፤ ኡሙሰልማ አንስታ አሸተተችውና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

ተክለማርያም አልሄድም ብሎኝ ነበር። "አንተ ካልተረጎምክ ማን ይተርጉም? ጣልያንኛህን ለበሬ ነው ያስቀመጥከው?" ብዬ ጎትቼ አመጣሁት። ጥግ ላይ ተቀመጠ። ኡሙሰልማም ዙሪያ ጥምጥም ሳትሄድ ጠየቀች፤ "ጋሽ ተክሌ፣ ልጄ ሕመሟን ተናግራ ነበር ወይ ብለው ይጠይቁልኝ።"

ጠየቀላት። ፒየራ ብዙ ተናገረች፣ መካከል ላይ ድምፅዋ ተሰበረ፣ ቀጠለች። ስትጨርስ ተክለማርያም አንገቱን ደፋ። ፊቱ ዓመድ መሰለ።

"ተርጉም እንጂ!" አልኩት።

መሬት መሬቱን እያየ ተረጎመ። "ጠዋት ጠዋት እንዴት ነሽ እላት ነበር ትላለች። ቤኔ ግራዚዬ ትለኛለች፣ እኔም ደስ ይለኝና ወተቷን ላፈላ እሄዳለሁ። ሐኪሙ ጋ በቀጠሮዋ ወሰድኳት። እንዴት ነሽ አላት፣ ቤኔ ግራዚዬ ዶቶሬ አለችው። ጠባሳውን አየ፣ ጥሩ ሽሯል አለ፣ ለደም ምርመራ ሌላ ቀጠሮ ሰጣት። ስንወጣ ወደ ኋላ ዞር ዞር ስትል አይቻታለሁ ትላለች፤ የረሳችው ዕቃ ያለ መስሎኝ ነበር።"

"ሌላስ?"

"ማታ በሯን ዘግታ ስታወራ እሰማት ነበር። ሚ ፋ ማሌ ኩዊ፣ ዶቶሬ። ዳ ዬሪ፣ ዶቶሬ። ትምህርቷን የምታጠና መስሎኝ፣ እንዴት ያለች ጎበዝ ልጅ ናት አልኩ። አንድ ቀን ጠዋት ሳትነሳ ቀረች።"

 ከዚያ ኡሙሰልማ "ቃሉ አልጠፋትም ማለት ነው" አለች ለራሷ እንደሚናገር ሰው። "እስኪደግሙላት ነው የጠበቀችው። ኢንተላ ኮ። ልጄ፣ እስኪደግሙላት።" እጇ ሹራቡን ጨመደደው። "ሰላምታውን አስቀድሙላት ያልኩት እኔ ነኝ።"

"እኔ ነኝ" አለ ተክለማርያም። "የእኔ ሕመም እግር ነበር፤ ተሰብሮ ተንጠልጥሎ ሁሉ ያየው ነበር። እንዴት ነህ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። እዚያ አገር አንድ ጊዜ ብቻ እንደሚጠየቅ በምን ልወቅ?" አለና እንደ ሕፃን አለቀሰ።

እኔ ተናደድኩ። በማን እንደተናደድኩ ግን አላወቅሁም። የሰው ልጅ እንዴት ነሽ ብሎ ጠይቆ ወተት ሊያፈላ ይሄዳል? ልጅስ እየሞተች ደህና ነኝ ትላለች? "እዚህ ሦስት ጊዜ ነው የሚጠየቀው በላት!" አልኩት። "የመጀመሪያው ለወጉ ነው፣ ሁለተኛው ለወጉ ነው፣ እውነቱ በሦስተኛው ነው የሚነገረው በላት! ንገራት!"

ነገራት። ቀስ ብሎ፣ በጣቱ እየቆጠረ ነገራት። ፒየራ እስኪጨርስ አየችው። ከዚያ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች፤ ንዴቴ ሁሉ ወረደ። ደግሞስ እሷ ምን ታድርግ? እኛም በስልክ የጠየቅናት ያንኑ የመጀመሪያውን ነበር።

ከውጭ ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋ፤ ሳይመሽ ዶዶላ መድረስ አለባቸው። ፒየራ ተነሥታ ነጠላ ጫማዋን ልታደርግ በሩ ጋ ደረሰች። ዘወር ብላ ኡሙሰልማን አየቻት። ተመልሳ መጣችና ተቀመጠች።

"ኮሜ ስታ፣ ሲኞራ?" አለቻት።

ተክለማርያም ሊተረጉም አፉን ሲከፍት ኡሙሰልማ ቀደመችው። "ቤኔ፣ ግራዚዬ" አለች። እኔና እሱ ደነገጥን። በር አጠገብ ምስር እየለቀመች ስታነበንብ የነበረው ያን ኖሯል።

ፒየራ አልተነሣችም። ጥሩምባው እንደገና ተነፋ። "ኮሜ ስታ?" አለች እንደገና።

"ቤኔ" አለች ኡሙሰልማ። "አልሀምዱሊላህ።" 

ፒየራ በርጩማዋን ጎትታ ጉልበቷ ከኡሙሰልማ ጉልበት እስኪነካ ተጠጋች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ልክ እንደ እኛ ሰው ዝቅ አድርጋ ሦስተኛውን ጠየቀቻት።

ኡሙሰልማ ሹራቡን እንደያዘች እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

"ሚ ፋ ማሌ ኩዊ" አለች።

 ከጥጉ የተክለማርያም ድምፅ መጣ፤ ሽርጥ አገልድሞ ሐኪም ይሆንበት የነበረው ያ ወፍራም ድምፅ፣ አሁን ግን ተሰባብሮ።

"ዳ ኳንዶ?"

"ዳ ዬሪ" አለች ኡሙሰልማ።

ሰቢሪና ከሞተች ሰባተኛ ወሯን ይዛ ነበር።